አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፦ የስልክ መስመር ጭነትን ያሰላ የሒሳብ ሊቅ

የድርጅቶችን ሰርቨርና ኔትወርክ የሚከታተል ባለሙያ ዘወትር የሚገጥመው ጥያቄ፣ ለሚመጣው ጭነት ምን ያህል አቅም ይበቃል የሚለው ነው። ጥያቄው ከኮምፒዩተር ዘመን ይቀድማል። የወረፋ ንድፈ ሐሳብ መሥራች ተብሎ የሚታወቀው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ መልሱን የፈለገው በስልክ መስመሮች ላይ ነበር።

ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1878 በጁትላንድ፣ በሎንቦርግ መንደር ተወለደ፤ አባቱ የመንደሩ መምህር ነበር። በ1901 ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ከተመረቀ በኋላ ለዓመታት በመምህርነት አገለገለ። በዴንማርክ የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር አማካይነት የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ከነበረው ከዮሐን የንሰን ጋር ተዋወቀ። የንሰን በስሙ በሚጠራው ኢ-እኩልነት ለሒሳብ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በዚህ ትውውቅ ምክንያት ኤርላንግ በ1908 በኩባንያው ተቀጠረ።

መጀመሪያ ላይ የላቦራቶሪ ረዳት አልነበረውም። በከተማው የኬብል ጉድጓዶች ውስጥ የሚደረገውን ልኬት ራሱ ያከናውን ስለነበር፣ መሰላል ከተሸከመ ሠራተኛ ጋር በኮፐንሃገን ጎዳናዎች ሲዘዋወር ይታይ ነበር። ይህ ልኬት የኤሌክትሪክ እንጂ የጥሪ ቆጠራ አልነበረም፤ ሆኖም ኤርላንግ ስሌቱን ብቻ ይዞ በቢሮ የተቀመጠ ሰው እንዳልነበረ ያመለክታል።

በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዘፈቀደ የሚመጡ ጥሪዎች ቁጥር የፑዋሶንን ሥርጭት እንደሚከተል አሳየ። ይበልጥ የታወቀው ግን የ1917ቱ ሥራው ነው። በእርሱም፣ ሁሉም መስመሮች ሲያዙ መስመር የሚያጡትን ጥሪዎች ድርሻና ተራ የሚጠብቁትን የጥበቃ ጊዜ የሚያሰሉ ቀመሮችን አቀረበ።

የቀመሩ ፋይዳ በአንድ ምሳሌ ይገለጣል። በሰዓት በአማካይ 300 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ በአማካይ 2 ደቂቃ ቢቆይ፣ በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ 10 መስመር ይፈለጋል። እንግዲያው 10 መስመር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በቀመሩ መሠረት ከመቶ ጥሪዎች 21 ያህሉ መስመር አያገኙም፤ መስመሮቹ 15 ሲሆኑ ድርሻው ከመቶ 4 በታች ይወርዳል። የተጨማሪዎቹን አምስት መስመሮች ወጪ ከታጡት ጥሪዎች ጋር ማመዛዘን የኩባንያው ፋንታ ነው፤ ኤርላንግ የሰጠው ሚዛኑን ነው። አማካይ አጠቃቀምን ብቻ በሰሌዳ ላይ የሚያሳይ የዛሬ የክትትል ሥርዓት ግን ይህን ሚዛን አይሰጥም።

ቀመሩ ገደብ አለው። መስመር ያጣ ደዋይ ተመልሶ እንደማይደውል፣ ጥሪዎችም እርስ በርስ እንደማይነካኩ ይታሰባል። ምላሽ ያጣ ሶፍትዌር ግን ጥያቄውን ወዲያው ስለሚደግም ጭነቱ በራሱ ላይ ይጨምራል። በ1994 የታተመ የኤተርኔት ትራፊክ ጥናትም የዳታ ፍሰት ከፑዋሶን ግምት እጅግ የበለጠ መዋዠቅ እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ቀመሩን በዳታ ማዕከል የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ የራሱን ሥርዓት መለካት ይኖርበታል።

ኤርላንግ ትዳር አልመሠረተም፤ ለሃያ ዓመታት ያህል በኩባንያው ሲሠራ በሕመም ምክንያት አልቀረም ይባላል። በ1929 መጀመሪያ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገብቶ፣ በፌብሩዋሪ 3 ቀን በ51 ዓመቱ አረፈ። በ1946 ዓለም አቀፉ የስልክ ትራፊክ መለኪያ በስሙ ኤርላንግ ተባለ፤ የጥሪ ማዕከሎችም እስከ ዛሬ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ሲወስኑ የጥበቃ ቀመሩን ይጠቀማሉ።