ተሽጦ የሄደው ልጅ ተመለሰ
(የኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ)

በዚህ እትም የታዋቂ ሰው ታሪክ ዓምድ ተራው የእኔ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት ልጆች ስለ አትሌቶችና ስለ ነገሥታት ጽፈዋል። እኔ ደግሞ በልጅነታቸው እንደ ዕቃ ተሽጠው፣ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ስለተረጎሙት ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ እጽፋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እውነቱን ለመናገር እሳቸውን የመረጥኩት በራሴ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት ለክበባችን ያዋጣነው ብር ጠፍቶ ነበር። አንድ የክበባችን ልጅ እኔን ጠረጴዛው አጠገብ እንዳየኝ ተናገረና ቦርሳዬ በልጆች ሁሉ ፊት ተፈተሸ። ከሦስት ቀን በኋላ ብሩ በመዝገቡ ሽፋን ውስጥ ተገኘ። በቃ፣ ሁሉም ረሳው። እኔ ግን አልረሳሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ልጅ ሰላም ብዬው አላውቅም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አባታችን ሆይ ስንደግምም፣ ስለ ይቅርታ የሚለው ጋ ስደርስ አፌን እዘጋለሁ። ጮክ ብዬ ብለው ውሸታም የምሆን ይመስለኛል። የኦኔሲሞስን ታሪክ ያነበብኩት በዚህ መሀል ነው።

ኦኔሲሞስ የተወለዱት በ1856 አካባቢ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ በሚባል አገር ነው። ያኔ ስማቸው ሂካ ነበር። (ልጅ እያለ አንተ እለዋለሁ፤ ሲያድግ አንቱ እላቸዋለሁ።) ኦሮምኛ የምትችሉ ታውቁታላችሁ፤ ሂካ ማለት የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ሂካ አባቱ የሞተበት ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ከዚያም በ1869 ገደማ ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። አስቡት እስቲ፣ ዕድሜው 13 ዓመት አካባቢ ነበር። ልክ እንደ እኛ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን በአገራችን የባሪያ ንግድ ነበር። ልጆችን ከቤተሰባቸው ነጥቀው እስከ ቀይ ባሕር ድረስ በእግር እየነዱ ይሸጧቸው ነበር። ብዙዎቹ ከዚያ በመርከብ ተጭነው ወደ ዓረብ አገር ይወሰዱ ነበር። ሂካም ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ነጋዴ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። ካርታ ላይ ኢሉባቦርን ከታች በስተግራ ፈልጉ፤ ምጽዋን ደግሞ ከላይ ባሕሩ ዳር። ያንን ሁሉ መንገድ የተጓዘው እናቱ የት እንዳለ ሳታውቅ ነው።

በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነፃ አወጣው። ሰውየው እዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ሆኖ ይሠራ ነበር። ልጁን ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጣቸው፤ እነሱም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ሂካ እዚያ ፊደል ቆጠረ፣ ክርስቲያን ሆነ፣ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ። ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ።

ይሄ ስም ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ ተጽፏል። አናሲሞስ ባሪያ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጌታው ለፊልሞና ደብዳቤ ጽፎ፣ አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነለት። ደብዳቤው አጭር ነው፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ። በአንድ ትንፋሽ ታነቡታላችሁ። ስለ ይቅርታ ነው የሚያወራው።

ኦኔሲሞስ ጎበዝ ተማሪ ስለነበሩ በ1876 ወደ ስዊድን ተላኩ። እዚያ አምስት ዓመት ተምረው አስተማሪ ሆኑ። እኔ ብሆን እዚያው እቀር ነበር። እሳቸው ግን ወደ ተሰረቁበት ምድር ተመልሰው ወገኖቻቸውን ማስተማር ፈለጉ።

መመለሱ ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በዓባይ ወንዝ አድርገው ሞከሩ። ድንበሩ አጠገብ ደርሰው መንገዱ ተዘጋባቸው። በሽታም አገኛቸውና ከጓደኞቻቸው አንዱ በትኩሳት ሞተ። ባዶ እጃቸውን ወደ ምጽዋ ተመለሱ። በ1886 ደግሞ በሸዋ በኩል እንጦጦ ድረስ መጡ፤ አሁንም ማለፍ አልተፈቀደላቸውም። እንደገና ተመለሱ። ሁለት ጊዜ! እኔ አንድ ፈተና ስወድቅ እንኳን ደብተሬን መክፈት ያስጠላኛል።

መንገዱ ሲዘጋባቸው ታዲያ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። እምኩሉ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። እግራቸው መድረስ ካልቻለ መጽሐፉ ይድረስ ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአገራቸው ስለራቁ ቋንቋው እንደ ልባቸው አለመሆኑ ነበር። እዚህ ላይ የረዳቻቸው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም እንደሳቸው በልጅነቷ ተሸጣ ነፃ የወጣች ናት፤ የኦሮምኛ ቃላት፣ ተረትና ዘፈን እያስታወሰች ትጽፍ ነበር። ሁለት የተሸጡ ልጆች አንድ ላይ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። የተጻፈው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነው። እናታቸው ሂካ ብላ ስትጠራው የነበረው ልጅ እውነትም ተርጓሚ ሆነ።

በመጨረሻ በ1904 ወለጋ ገቡ። ከተሰረቁ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በደንብ ተቀበሏቸው። ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አስተማሩ።

ችግሩ ግን አላለቀም። አንዳንድ ካህናት ከሰሷቸውና በ1906 ጉዳያቸው እስከ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ። ነቀምቴ መኖር ተፈቀደላቸው፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። ለዚያ ብለው ያን ሁሉ ዓመት ደክመው፣ ከደረሱ በኋላ ዝም በል መባል እንዴት እንደሚያቃጥል አስቡት። ሆኖም አገሩን ጥለው አልሄዱም። በ1916 ከልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ታገሡ። ከዚያም እያስተማሩ ቆይተው ጁን 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ውስጥ አረፉ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። ይቅርታ ማለት መርሳት ይመስለኝ ነበር፤ መርሳት ስላቃተኝ ይቅር ማለትም አልችልም ብዬ ነበር። ኦኔሲሞስ ግን እንዴት ይረሳሉ? እናታቸውን፣ ስማቸውን፣ አገራቸውን ነው የቀሟቸው። ቂም ይዘው ቢሆን ኖሮ ስዊድን መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የልጆች ሌባ ወደነበረበት ምድር ተመልሰው ልጆችን ሰብስበው አስተማሩ። እኔ እንደገባኝ ይቅርታቸው ይሄ ነው። መንገዱ ሁለቴ ሲዘጋም፣ ዝም በል ሲባሉም በእግዚአብሔር ታምነው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሂካ ማለት የሚፈታ ማለት ነው ብያችኋለሁ። አያቴ ንስሐ ገብታ ስትመጣ ቄሱ እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዳሏት ትነግረናለች፤ ፊቷም ቀለል ይላል። ለካ ቂም የሚያስረው ያዢውን ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ታስሬ ነበር፤ ያ ልጅ ግን ኳሱን ይጫወታል።

እንደምታውቁት መጽሔታችን በእጅ ነው የሚጻፈው። እኛ ያዘጋጀነውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የሚገለብጡልን ልጆች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ያ ልጅ ነው። ዘንድሮ አንድም ጽሑፍ ያላቀረብኩት ለሱ መስጠት ስላልፈለግኩ ነበር። ይሄን ግን ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት በእጄ እሰጠዋለሁ፤ ሰላምም እለዋለሁ። ስለ ብሩ የጻፍኩትን መተው ከፈለገ ይተወው፤ አልቀየመውም። ይህን መስመር እያነበባችሁ ከሆነ ግን የጻፈላችሁ እሱ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!