ሃንስ ፒተር ሉን

ሃንስ ፒተር ሉን (ጁላይ 1 ቀን 1896 – ኦገስት 19 ቀን 1964 እ.ኤ.አ.) ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው የክሬዲት ካርድ ቁጥር በስሕተት መጻፍ አለመጻፉን በሚያጣራው «የሉን ስልተ ቀመር» ነው። ከዚህ ይበልጥ በሰፊው የሚሠራበት ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣበት ሌላ ሐሳቡ ነው፤ ይኸውም የአንድን መረጃ ቦታ በፍለጋ ከማግኘት ይልቅ ከመለያው አስልቶ ማግኘት ነው። ፕሮግራም የሚማር ተማሪ «ዲክሽነሪ» ወይም መዝገበ ቃላት በሚባለው ስብስብ ውስጥ ቁልፍና እሴት ሲጨምር፣ ከጀርባ የሚሠራው ይህ ሐሳብ ነው።

ልጅነትና ወጣትነት

ሉን የተወለደው ዛሬ የቩፐርታል ከተማ አካል በሆነችው በባርመን ነው። አባቱ የኅትመት ሙያ ባለቤት ነበር። ሉንም የአባቱን ሙያ ለመማር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ ነገር ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ትምህርቱን አቋረጠው። በጦርነቱ ጊዜ በጀርመን ጦር ውስጥ የመገናኛ መኮንን ሆኖ አገለገለ።

ከጦርነቱ በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ተሰማራ፤ ይኸው ሥራም በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካ አመጣው። እዚያም «ሉኖሜትር» የተባለውን የክር መቁጠሪያ ፈለሰፈ። መሣሪያው ቀጫጭን መስመሮች የተሰመሩበት ብርሃን አስተላላፊ ዝርግ ነው። በጨርቅ ላይ ሲቀመጥ የመሣሪያው መስመሮችና የጨርቁ ክሮች ተደራርበው ንድፍ ይሠራሉ፤ ባለሙያውም ክሮቹን አንድ በአንድ ሳይቆጥር ከንድፉ ብዛታቸውን ያነባል። ሉን ከዚያ በኋላ የራሱን የምሕንድስና አማካሪ ድርጅት አቋቋመ። በሕይወት ዘመኑ ከ80 በላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን አግኝቷል።

በአይቢኤም

እ.ኤ.አ. በ1941 ሉን በአይቢኤም ኩባንያ በከፍተኛ የምርምር መሐንዲስነት ተቀጠረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጄምስ ፔሪና ማልኮም ዳይሰን የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት አንድ ችግር ይዘውለት መጡ። የታወቁት የኬሚካል ውሕዶች ብዛት እየጨመረ ስለ ሄደ፣ የሚፈለገውን ውሕድ ከመዛግብት ክምር ውስጥ ማውጣት አድካሚ ሆኖ ነበር። ሉን በተበሱ ካርዶች ላይ የተመዘገበ መረጃን የሚፈልግ ማሽን ሠራ። ከዚህ በኋላ የቀሩት የሥራ ዓመታቱ በአብዛኛው ያተኮሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ብዙ መረጃ ከተከማቸ በኋላ የሚፈለገው እንዴት በፍጥነት ይገኛል?

የ1953ቱ ማስታወሻ

የተለመደው መልስ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ማየት ነው። አንድ ሚሊዮን መዝገብ ቢኖር በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ያህሉን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው መዝገቡን በቅደም ተከተል ደርድሮ በየጊዜው ግማሹን እየተዉ መፈለግ ነው። ይህ ፍለጋውን ወደ 20 ያህል እርምጃ ያወርደዋል፤ ይሁን እንጂ አዲስ መዝገብ በተጨመረ ቁጥር ድርድሩን መጠበቅ ግድ ይላል።

ሉን በጃንዋሪ 1953 ለአይቢኤም ባልደረቦቹ በጻፈው የውስጥ ማስታወሻ ሦስተኛ መንገድ አቀረበ። ቦታው ከቁልፉ ከራሱ ይሰላ፤ ስሌቱ የሚሰጠው ቁጥር መዝገቡ የሚገባበትን ማስቀመጫ ያመልክት፤ አንድ ማስቀመጫ ውስጥ ብዙ መዝገብ ከገባም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይቀመጡ አለ። ለምሳሌ 27416358 የተባለ መለያ ቢኖር፣ ጥንድ ጥንዱን ደምሮ የመጨረሻውን አሐዝ ብቻ መያዝ ይቻላል። 2 እና 7 ዘጠኝ፣ 4 እና 1 አምስት፣ 6 እና 3 ዘጠኝ፣ 5 እና 8 ደግሞ 13 ስለሚሆኑ ከመጨረሻው 3 ይያዛል። መዝገቡ በ9593ኛው ማስቀመጫ ይገባል። በኋላ ሲፈለግም ያው ስሌት ወደ ያው ማስቀመጫ ይመራል።

ይህ ዘዴ በኋላ «ሃሽ» የሚል ስም ወጣለት፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ከትክቶ መደባለቅ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ጂን አምዳል፣ ኢሌን ማክግሮው እና አርተር ሳሙኤል የተባሉ የአይቢኤም ሠራተኞችም ተቀራራቢ ሐሳብ ላይ ደርሰው ነበር። የእነሱ መንገድ ማስቀመጫው ተይዞ ከተገኘ ወደ ሌላ ባዶ ማስቀመጫ የሚሻገር ነው። የሉን ማስታወሻ ለሕዝብ ስላልታተመ፣ ዘዴውን በመጽሔት መጀመሪያ ያስነበበው በ1956 አርኖልድ ዱሚ ነበር። ሐሳቡ ከሉን ስም ተለይቶ እንዲስፋፋ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በመዝገበ ቃላት ላይ ቁልፍና እሴት መጨመር

በፓይተን ቋንቋ ባዶ መዝገበ ቃላት ፈጥሮ አንድ ጥንድ መጨመር እንዲህ ይጻፋል፦

ዋና_ከተማ = {}
ዋና_ከተማ["ኬንያ"] = "ናይሮቢ"

እዚህ «ኬንያ» ቁልፍ፣ «ናይሮቢ» እሴት ነው። ሰንጠረዡ 8 ቦታዎች አሉት እንበል። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ከቁልፉ ቁጥር ያሰላል፤ ለምሳሌ 45 ይሁን። 45 ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5 ስለሆነ ጥንዱ በ5 ቁጥር ቦታ ይቀመጣል። ቀጥሎ «ኡጋንዳ» የሚል ቁልፍ ቢጨመርና ስሌቱ 61 ቢሰጥ ቀሪው አሁንም 5 ነው። ይህ ግጭት ይባላል። የጃቫ «ሃሽማፕ» የሚጋጩትን በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ያያይዛቸዋል፤ ይህም የሉን መንገድ ነው። ፓይተን ግን እንደ እነ አምዳል ሌላ ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

በዚህም ምክንያት ከእሴቱ ጋር ቁልፉ ራሱ አብሮ ይቀመጣል። በቦታው የተገኘው የሚፈለገው ቁልፍ መሆኑ የሚታወቀው በማነጻጸር ነው። ያው ቁልፍ ከተገኘ አዲሱ እሴት የቀድሞውን ይተካዋል። ለ«ኬንያ» ሁለተኛ ጊዜ እሴት የሰጠ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ያጣል፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ፓይተን ሊለወጥ የሚችል ዝርዝርን በቁልፍነት የማይቀበለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ቁልፉ ከገባ በኋላ ቢለወጥ ስሌቱ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚመራ እሴቱ ሳይጠፋ የማይገኝ ይሆናል። ሰንጠረዡ እየሞላ ሲሄድ ግጭት ስለሚበዛ፣ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ከመሙላቱ በፊት ፓይተን ሰፋ ያለ ሰንጠረዥ ሠርቶ ሁሉንም እንደገና ይመድባል።

የሉን ስልተ ቀመር

በጃንዋሪ 1954 ሉን ቁጥርን የሚያረጋግጥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ የባለቤትነት መብቱ በኦገስት 1960 ጸደቀለት። ዘዴው በቁጥሩ መጨረሻ ላይ አንድ ማረጋገጫ አሐዝ ይጨምራል። ለምሳሌ ለ2741 የሚጨመረው 7 ነው፤ ሙሉው ቁጥር 27417 ይሆናል። ለማረጋገጥ ከቀኝ ጀምሮ ሁለተኛው፣ አራተኛው እያለ የሚሄደው አሐዝ በእጥፍ ይባዛል፤ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 ይቀነስለታል። ከዚያ ሁሉም ሲደመር 7 + 2 + 4 + 5 + 2 = 20 ይሆናል። ድምሩ ያለ ቀሪ ለ10 ስለሚካፈል ቁጥሩ ትክክል ነው። ሰው ተሳስቶ 27147 ቢል ድምሩ 23 ስለሚሆን ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። ዘዴው የአንድ አሐዝ ስሕተትን ሁሉ ይይዛል፤ የጎረቤት አሐዞች መለዋወጥንም ከ09 እና ከ90 በቀር ያገኛል። ዛሬ በባንክ ካርዶች ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ስልክ መለያ ቁጥር ላይም ይሠራበታል። ስልክ ላይ *#06# ሲነካ ከሚወጡት 15 አሐዞች የመጨረሻው ማረጋገጫው ነው።

ሰነዶችን በማሽን ማንበብ

ሉን በ1958 ስለ ሰነዶች ያሳተማቸው ሥራዎች መረጃን ከመፈለግ አልፈው ወደ ማጠቃለል ሄዱ። አንዱ ጽሑፍ ኮምፒዩተር የአንድን መጣጥፍ ቃላት ድግግሞሽ ቆጥሮ፣ እጅግ የተለመዱትንና እጅግ ብርቅ የሆኑትን ትቶ፣ ቁልፍ ቃላት የተሰበሰቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች መርጦ ጭማቂ የሚያወጣበትን መንገድ ያሳያል። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን በተካሄደ የሳይንስ መረጃ ጉባኤ ላይ ደግሞ የመጣጥፍ ርእሶችን በእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ሥር ከነዐውዳቸው የሚደረድር ማውጫ አስተዋወቀ። የኬሚስትሪ መጽሔቶች ይህን ማውጫ ፈጥነው ተቀበሉት።

የመጨረሻ ዓመታትና ቅርስ

ሉን በ1961 ከአይቢኤም ጡረታ ወጣ። በ1964 የአሜሪካ የሰነድ ጥናት ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ በኒው ዮርክ ግዛት በአርሞንክ ዐረፈ፤ ዕድሜው 68 ነበር።

ከሥራዎቹ መካከል ስሙን የያዘው ትንሹ ነው። ማረጋገጫው በባለቤትነት መብት ተመዝግቦ ስለ ነበር የሉን ተብሎ ቀረ። ቦታን ከቁልፍ የማስላት ሐሳቡ ግን በኩባንያ ውስጥ ማስታወሻ ተጀምሮ፣ ሌሎች አሻሽለውት፣ ፓይተን፣ ጃቫና ሌሎች ቋንቋዎች ውስጥ ያለ ባለቤት ስም ገባ። ሁለቱም ሥራዎች ግን ከአንድ ሰው የመጡ መሆናቸው ይታያል፤ በሁለቱም ዘንድ ስለ ቁጥሩ መታወቅ ያለበት ነገር ከውጭ አይፈለግም፤ ከራሱ ከቁጥሩ ይሰላል።