ሐኪም ወርቅነህ የተማሩባቸው ሕሙማን

ከመገናኛ በሾላ ገበያ በኩል ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረው የሚያውቁ ከሆነ፣ የእንግሊዝ ኤምባሲን ሰፊ ግቢና በእንጦጦ ግርጌ የተንሰራፋውን ዛፉን ከመስኮት አይተውታል። ጥቂት አለፍ ብሎ ቀበና፣ ከቀበና ወዲያ ደግሞ አንጋፋው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። የዛሬው ዓምዳችን በዚያ ኤምባሲ፣ ያኔ ሌጋሲዮን ይባል በነበረበት ዘመን፣ በሐኪምነት ስላገለገሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ነው። ስማቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። በዘመናዊ ሕክምና ተምረው ሐኪም የሆኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሳቸው ናቸው።

የጤና ምክር ዓምድ ስለ ቀድሞ ሰው ሕይወት ምን አገባው ይሉ ይሆናል። በማስተማሪያ ሆስፒታል ተኝተው የሚያውቁ ከሆነ ግን ነገሩ ለእርስዎም ቅርብ ነው። ማታ አንዱ ወጣት መጥቶ ሕመምዎን ከሥር ከመሠረቱ ይጠይቅዎታል። ጠዋት ሌላዋ ትመጣና ያንኑ ትደግመዋለች። ረፋዱ ላይ ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሱ አሥር የሚሆኑ ሰዎች አልጋዎን ከበው ስለ እርስዎ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። መማሪያ ሆንኩ ብሎ የሚያዝን፣ አንዳንዴም የሚቆጣ ታካሚ ብዙ ነው። ቅሬታው ሁልጊዜ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ሐኪም እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ለታካሚውም ይጠቅማልና ከመጀመሪያው ሐኪማችን ታሪክ እንነሳ።

ወርቅነህ የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ገና ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከዘመዶቹ ተለያይቶ በአምባው ላይ ተገኘ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር ኮሎኔል ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። አሳዳጊው ሲሞት ደግሞ ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ፣ ሚሲዮናውያን ዘንድ ተምሮ፣ የአገሩን ቋንቋ ረስቶ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ሲመረቅ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አሳደገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሕክምና ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ሙያ አይደለም። ያበጠ ጉበት በእጅ ሲዳሰስ ምን እንደሚመስል፣ ውኃ የቋጠረ ሳንባ ሲደመጥ እንዴት ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ምጥ የጠናባት እናት ፊት መቼ እንደሚያስፈራ የሚታወቀው ከታማሚ ሰው አጠገብ በመቆም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ሐኪም ያስተማሩት የላሆር ፕሮፌሰሮች ብቻ አይደሉም። ክንዳቸውን ለመርፌው፣ ሆዳቸውን ላልሠለጠነ እጁ የሰጡት የላሆርና የበርማ ድሆች ጭምር ናቸው። እኛ በሰው አገር ሕሙማን ላይ የተማረ ሐኪም በነፃ አገኘን ማለት ነው።

አገኘን ማለት ግን ቀላል ሆነ ማለት አይደለም። የአድዋ ድል ዜና በዓለም ሲናኝ በርማ ያሉት ሐኪም ስለ ትውልድ አገራቸው ያላቸው ስሜት ተቀሰቀሰ። ፈቃድ ወስደው በዘይላ በኩል መጡና በ1891 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ። ዐፄ ምኒልክም ተቀበሏቸው። የማን ልጅ እንደሆኑ ያረጋገጡት አያታቸው ሲሆኑ፣ የለዩአቸውም በሕፃንነታቸው በሰውነታቸው ላይ በቀረ ጠባሳ ነው። ጠባሳ አይቶ ታሪክ ማንበብ የሐኪም ሥራ ነበር። በዚያ ቀን ግን ተመርማሪው ሐኪሙ ሆኑ።

አማርኛን እንደ አዲስ ተማሩ፤ ሕሙማንንም አከሙ። ሆኖም የመጡት በፈቃድ ነበርና ተመልሰው ወደ በርማ ሥራቸው ሄዱ። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን ቅር ይለናል። አገሩ አንድም ሐኪም ሳይኖረው የተገኘውን አንዱን መሸኘት ምን ይባላል? ነገር ግን በዘመኑ በኢትዮጵያ ለሐኪም የሚሆን ቋሚ ደመወዝ፣ የሥራ መደብ፣ መድኃኒት ቤትም ሆነ ጡረታ በወጉ አልተዘረጋም። በርማ ይህ ሁሉ ነበራቸው። ሐኪሞቻችን ወደ ውጭ የሚሄዱት ትናንት የጀመሩት ነገር ይመስለናል እንጂ፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር አብሮ የገባ ነው። የአገር ፍቅር ያመጣዋል፤ የሚያቆየው ግን የሚሠራበት ቦታና የሚኖርበት ገቢ ነው። ሐኪም ወርቅነህ አገራቸውን አይወዱም ነበር የሚል ሰው ደግሞ የኋላ ታሪካቸውን አላነበበም።

በ1900 ዓ.ም ገደማ ተመለሱ። ይህኛው አመጣጣቸው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው፤ ደመወዛቸውም ከእንግሊዝ መንግሥት ነበር። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ቤተሰብ የመሠረቱትም ከዚህ በኋላ ነው። ጊዜው ዐፄ ምኒልክ የታመሙበት ጊዜ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ዙሪያ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞች ተፈራርቀዋል፣ ሐኪም ወርቅነህም ካከሟቸው አንዱ ናቸው። የአንዱን ሌላው የማይቀበልበት፣ ከሕክምናው ይልቅ ፖለቲካው የሚያይልበት ጊዜ ነበር። አንድ ታማሚ ከሐኪም ሐኪም ሲቀያየር፣ ቀዳሚው ምን እንዳየና ምን እንዳዘዘ ተከታዩ ካላወቀ፣ ንጉሥም ቢሆን ይጎዳል። ዛሬም ከአንዱ ክሊኒክ ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ የቀድሞውን የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ፊልምና የሚወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ የምንለው ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳግመኛ ወደ በርማ ተመለሱ። ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅልለው የመጡት የበርማ አገልግሎታቸውን ጨርሰው ጡረታ ሲያገኙ፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በ1911 ዓ.ም ካራቆታት ብዙም ሳይቆይ ነው። አገሪቱ ሐኪም በእጅጉ የሚያስፈልጋት በዚያ ወቅት ነበር። እሳቸው ግን በስቴቶስኮፑ ብቻ አልተተዉም። በፍልውኃ የመታጠቢያውን አገልግሎት አስፋፉ፤ በፍርድ ሥራ ተቀመጡ፤ ባርነትን ለማስቀረት ደከሙ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። ለጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ አሜሪካ ድረስ ተላኩ። ከዚያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ያቀኑ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ተደርገው ተሾሙ።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ግን አንድ ነገር ይቆጨዋል። ያን ያህል ዕውቀትና የአስተዳደር ችሎታ የነበረው ሐኪም አሥር ወጣቶችን ይዞ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሕክምና እንዲያስተምር የሚያደርግ ዕድል አላገኘም። የተማረ ሰው ጥቂት በሆነበት አገር ሐኪሙን ለቢሮ መውሰድ ቀላል ነው፤ የሚተካውን ማሠልጠን ግን ጊዜ ይጠይቃል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ወደ አስተዳደርና ወደ ፕሮጀክት ሥራ ሲሄዱ ተማሪዎቹ አስተማሪ የሚያጡበት ነገር ዛሬም አልቀረም።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም አገራችንን ስትወር አዛዥ ወርቅነህ ለንደን ሆነው ለኢትዮጵያ እርዳታና መሣሪያ ለማግኘት ይማስኑ ነበር። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር ውስጥ ታግለዋል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን ሙከራ ተከትሎ ፋሺስቶች ሁለቱንም ገደሏቸው። አባትየው ይህን ሐዘን ይዘው ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ፤ በመስከረም 1945 ዓ.ም በአዲስ አበባ አረፉ። ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ የሐኪሞች ማሠልጠኛ የሆነው ሆስፒታል ጥቁር አንበሳ መባሉን የሚሰማ ሰው እነዚያን ወንድማማቾች ቢያስብ አይሳሳትም። ስሙ አንድ ነው።

እሳቸው በሞቱ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በተወለዱባት ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። በኋላ ጎንደርና ጅማ ተጨምረው ለረጅም ጊዜ ሐኪም የሚመረቅባቸው እነዚህ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ግን የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጓል። እዚሁ የካ ውስጥ እንኳ የምኒልክ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ የምኒልክ ሆስፒታልም ለዓይን ሕክምና ሥልጠና የታወቀ ነው።

ቁጥሩ በማደጉ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሺህ ሕዝብ ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ተደምረው 4.45 ሊደርሱ ይገባል ይላል፤ እኛ ከዚያ ገና ሩቅ ነን። ችግሩ ያለው ተማሪውን በመጨመርና አስተማሪውን፣ አልጋውንና መሣሪያውን በመጨመር መካከል ባለው ክፍተት ነው። አንድ ስፔሻሊስት አምስት ተማሪ ሲይዝ እያንዳንዱ ሲመረምር ቆሞ ያያል፣ ስህተቱን ያርማል። ሃያ ሲይዝ የኋላው ረድፍ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ተለማማጅ ሐኪሞች በ2011 ዓ.ም፣ የጤና ባለሙያዎችም በ2017 ዓ.ም ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ ያነሱትን ጥያቄ ያስታውሱ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ተመርቆ፣ የብቃት ምዘናውንም አልፎ፣ የሥራ መደብ የሚጠብቅ ወጣት ሐኪም አለ። ሕዝቡ ሐኪም አጣን እያለ ሐኪሙ ሥራ አጣሁ የሚልበት ሁኔታ በበጀት እንጂ በምክር የሚፈታ አይደለም።

እርስዎ በበኩልዎ ማድረግ የሚችሉት ግን አለ። መጀመሪያ አልጋዎ አጠገብ ያለው ማን እንደሆነ ይወቁ። ኢንተርን የሚባለው ትምህርቱን ወደ ማጠናቀቁ የተቃረበ ተለማማጅ ነው። ሬዚደንት ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ነው። ከሁሉም በላይ ኃላፊነቱን የሚወስደው በተለምዶ ሲኒየር የምንለው ስፔሻሊስት ነው። ስምና ደረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ልጄ፣ አንቺ ምንድን ነሽ፣ የኔን ነገር የሚከታተለው ትልቁ ሐኪምስ ማን ነው ብሎ በደግ ቃል መጠየቅ መብትዎ ነው።

ታሪክዎን ደጋግመው ሲጠይቁዎት አይሰልቹ። ለመጀመሪያው ጠያቂ ያልነገሩት ነገር ለሦስተኛው ትዝ ይልዎታል፤ ብዙ ምርመራ መንገዱን የሚያገኘው በዚህ ድግግሞሽ ነው። ጸበል ሲጠጡ መድኃኒት አቁመው ከሆነ፣ ኮሶ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት ወስደው ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። ወጣቱ ሐኪም ይታዘበኛል ብለው የሚደብቁት ነገር በጉበትዎና በኩላሊትዎ ላይ የሚያመጣውን እሱ ሊገምት አይችልም።

ብዙ ሰው ቆሞ ሳለ ልብስ ማውለቅ ከከበደዎት ሰው እንዲቀነስልዎ፣ መጋረጃ እንዲጋረድ፣ ሴት ከሆኑም ሴት ባለሙያ አብራ እንድትሆን ይጠይቁ። በተማሪ ላለመመርመር ከፈለጉም መናገር ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ሕክምና ሊከለከሉ አይገባም። በተቻለ መጠን ግን ፍቀዱላቸው እንላለን። ዛሬ ሆድዎን በፍርሃት የዳሰሰችው ተማሪ ነገ በአንድ ሩቅ ወረዳ ብቻዋን ተረኛ ስትሆን የሌላ ሰው ትርፍ አንጀት ሳይፈነዳ የምትለየው በዚያ ዳሰሳ ነው።

ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ ውሳኔ ከመጣ ግን ስፔሻሊስቱ አይተውኝ እንደሆነ ልወቅ ማለት ተገቢ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ ላይ ያደረ ተለማማጅ ዓይኑ ቀልቶ ካዩት መቆጣት አይጠቅምም፤ መድኃኒቱን ከመዋጥዎ በፊት ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩት። የተሳሳተ ነገር ካለ እሱም እዚያው ይሰማዋል።

በመጨረሻም ለጉንፋን ወይም ለቆየ የጨጓራ ሕመም ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል አይሂዱ። ከሠፈርዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የጤና መድህን ካርድ ካለዎትም አገልግሎቱን የሚያገኙት በዚያው ቅደም ተከተል፣ በሪፈር ወረቀት ነው። በዚህ ዓይነት ትልቁ ሆስፒታል ከባዱን ሕመም ለማከምና ለማስተማር ጊዜ ያገኛል። ድንገት ራሱን የሳተ፣ ደም የሚፈሰው፣ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ወይም ምጥ የጠናባት ሰው ካለ ግን ወረቀት ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱ።