ዶክተር አክሊሉ ለማ እና እንዶድ

መድኃኒት ከየት ይገኛል ቢባል ብዙዎቻችን ከፋርማሲ እንላለን። ነገሩ ግን ከዚያ ይርቃል። ፔኒሲሊን ከሻጋታ፣ ስትሬፕቶማይሲን ከአፈር ባክቴሪያ ነው የተገኙት። ዛሬም ተመራማሪዎች ጄሊፊሽ በሚባለው አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሌሎች ጀርሞችን የሚገድል ነገር ያመነጩ እንደሆነ ይመረምራሉ። ከአገራችን ሰዎች እንዲህ ባለ ፍለጋ ስማቸው ከተጠራው አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እሳቸው ግን ያገኙትን ያገኙት ዓድዋ፣ ወንዝ ዳር ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964 ነበር። ዶክተሩ ቢልሃርዚያን ያጠናሉ። የበሽታው ትል ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አድጎ ይወጣና ውሃ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ታዲያ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላው አይቶ ያልፋል፤ እሳቸው ለምን አሉ። የእንዶዱን ፍሬ ወስደው ቢፈትኑት እውነትም ገዳይ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ቀጥሎም እዚያው ዓድዋ ለአምስት ዓመት ያህል ወንዙ በእንዶድ ሲታከም፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። ይህም ሆኖ ገንዘቡና ሥልጣኑ ያላቸው የውጭ ድርጅቶች ቶሎ አልተቀበሉትም። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ምርመራ ውጭ አገር እንደገና ካልታየ አይታመንም ተባለ። በዚህ መሐል ስንት ዓመት ባከነ! ስንት ልጅስ ታመመ!

ዶክተሩ ግን ተስፋ አልቆረጡም። የተሻለውን የእንዶድ ዘር መርጠው ካወጡት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ውድ አንባቢያን፣ እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የጎደለው ጠያቂ ነበር። ነገ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ክፍል ገብተን ስናስተምር፣ ቦርከና ዳር ያየውን ይዞ መጥቶ ለምን የሚል ልጅ አይጠፋም። ያንን ልጅ ዝም በል ካልነው፣ የገደልነው አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም።