እንደገና ከ«ሀ ሁ» የጀመረው መምህር፤ ፉኩዛዋ ዩኪቺ

በዚህ እትማችን የምናስተዋውቃችሁ ጃፓናዊውን መምህርና ደራሲ ፉኩዛዋ ዩኪቺን ነው። ሥራው ብዙ ነው፤ እኛ የመረጥነው ግን የእንግሊዝኛን ቃላት እንዴት እንደ ተማረ የሚያሳየውን ክፍል ነው። ነገ ክፍል ገብተን የባዕድ ቋንቋ ለምናስተምር ሰዎች ጉዳዩ የራሳችን ነውና። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፉኩዛዋ በ1835 ኦሳካ ከተማ ውስጥ፣ ማዕረጉ ዝቅ ካለ የሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ አምስት ልጆቿን ይዛ ወደ አገራቸው ወደ ናካትሱ ተመለሰች። በዚያን ጊዜ ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ዘግታ፣ ከአውሮፓውያን ጋር የምትነግደው በናጋሳኪ ወደብ ከሆላንዶች ጋር ብቻ ነበር። ስለዚህ የምዕራቡን ሳይንስ የፈለገ ሁሉ ሆላንድኛ መማር ነበረበት።

ፉኩዛዋም በ1854 ናጋሳኪ ወረደ። በማግሥቱ ዓመት በኦሳካ ሐኪሙ ኦጋታ ኮዓን ከከፈተው ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ መጽሐፍ የሚገኘው በእጅ ተገልብጦ ነው። መዝገበ ቃላቱም ያው አንድ በመሆኑ ፈተና ሲቃረብ ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ይሻማበት ነበር። ታዲያ ቃሉን ለጓደኛ መንገር የለም፤ እያንዳንዱ ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

በ1858 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሄዶ ሆላንድኛ ማስተማር ጀመረ። በ1859 ለውጭ ነጋዴዎች የተከፈተችውን ዮኮሃማን ሊያይ በእግሩ ሄደ። ምን ይሆናል! የሱቁን ጽሑፍ ማንበብ አልቻለ፣ የጠርሙሱን ወረቀት ማንበብ አልቻለ። የሚናገረውም አይገባው። ለካ የንግዱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ኖሯል! ያ ሁሉ ዓመት የለፋበት እውቀት ከንቱ መሰለው። አዝኖ ተመለሰ፤ ግን በማግሥቱ እንግሊዝኛን ሊጀምር ቆረጠ። ዕድሜው 24 ነበር።

አስተማሪ አልተገኘም። በመንግሥት ተቋም ተመዘገበና መዝገበ ቃላቱን ቤት መውሰድ ክልክል መሆኑን ሲሰማ በአንድ ቀን ተወው። ባለ ሁለት ቅጽ የሆላንድኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የናካትሱ ገዢ እንዲገዛለት አስደረገና ብቻውን ያነብ ጀመር። አብረን እንማር ያለው አንድ ወዳጁ፣ አስፈላጊው ሁሉ በሆላንድኛ ይተረጎማል ብሎ እምቢ አለው። ለአነጋገሩ ደግሞ ባሕር ወስዷቸው ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ ዓሣ አጥማጆችን እየፈለገ ይጠይቅ ነበር።

ውሎ ሲያድር ግን አንድ ነገር ገባው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። ሆላንዱም እንግሊዙም መጽሐፍን «ቡክ» ይላሉ። ሰዋስዉም ይቀራረባል። የቀድሞ ልፋቱ አዲሱን ቃል የሚይዝበት እጀታ ሆነለት።

በ1860 በካንሪን ማሩ መርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ደርሶ የዌብስተርን መዝገበ ቃላት ገዛ። እዚያ ያገኘውን የቻይንኛና የእንግሊዝኛ ቃላት መጽሐፍም በጃፓንኛ ፊደል አነባበቡን ጨምሮ በዚያው ዓመት አሳተመ። ጃፓንኛ የ«ቨ» ድምፅ ስለሌለው የ«ኡ»ን ፊደል ሁለት ጭረት ጨምሮበት ጻፈው። እኛስ «በ» ላይ ሰረዝ ጨምረን «ቨ» አላልንም? ዘዴው አንድ ነው።

ድምፁ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም የሚጎድልበት ጊዜ ነበር። የኢኮኖሚ መጽሐፍ ሲተረጉም ለነጋዴዎች ውድድር የሚሆን ቃል አጣና ከመሮጥና ከመታገል ፊደላት «ክዮሶ» የሚል ቃል ሠራ። አንድ ባለሥልጣን መታገል የሚለው ፊደል ሰላም የሚነሣ መስሎት ቅር አለው። ቃሉ ግን ዛሬም የጃፓኖች የዘወትር ቃል ነው።

ትምህርት ቤቱ በ1868 ኬዮ ጊጁኩ ተባለ፤ ዛሬ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ዓመት በከተማዋ በዌኖ ሲዋጉ የመድፉ ድምፅ እየተሰማ እሱ ክፍሉን አላቋረጠም። በ1901 አረፈ። ምስሉም ከ1984 ጀምሮ በ10,000 የን ኖት ላይ ወጥቶ፣ በ2024 አዲሱ ኖት በሌላ ሰው ምስል ተተካ።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ተማሪያችን ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንድ ወይም ሁለት ቋንቋ ይዞ ነው የሚመጣው። አዲሱን ቃል በሚያውቀው ላይ እናንጠልጥልለት፤ የሚጎድለውን ድምፅ ለይተን እናሳየው፤ ፍለጋውን ግን ለራሱ እንተውለት።