የእስቲፈን ዳግላስ ታሪክ

እስቲፈን ዳግላስ በአሜሪካ አገር ቨርሞንት በምትባል ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1813 ዓ.ም. ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ ሐኪም ነበር፥ ነገር ግን ልጁ ገና ጡት ሳይተው ሞተ። ዳግላስም በልጅነቱ ከአናጢ ዘንድ ገብቶ የቤት ዕቃ መሥራት ተማረ። 20 ዓመት በሆነው ጊዜ እንጀራውን ሊፈልግ ወደ ምዕራብ ተጓዘና ኢሊኖይ ወደምትባለው ግዛት ደረሰ። በእጁ የነበረው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተማሪ ቤት ከፍቶ ልጆች አስተማረ፤ ከማስተማሩም ጋር ሕግ ያጠና ነበር። በሚከተለው ዓመት ጠበቃ ሆነ፥ በ27 ዓመቱም ከግዛቲቱ ታላላቅ ዳኞች አንዱ ሆኖ ተሾመ።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከ63 ሳንቲሜትር የማይበልጥ አጭር ሰው ነበር። ራሱና ደረቱ ግን ሰፊ፥ ድምፁም ብርቱ ስለ ነበረ ሰዎች ትንሹ ግዙፍ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። በ1847 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ፥ እስኪሞትም ድረስ በዚያው ቈየ።

በዚያን ዘመን በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቍር ሰዎች እንደ ከብት ይሸጡና ይለወጡ ነበር። ከሰሜን ሰዎች ብዙዎቹ ባርነት ወደ አዲሶቹ አገሮች እንዳይገባ ይፈልጉ ነበር። ዳግላስ ግን በየአገሩ የሰፈሩት ነጮች በድምፃቸው እንዲወስኑ አሳብ አቀረበ፥ በ1854 ዓ.ም.ም አሳቡ ሕግ ሆነ። በዚህ ነገር ልናመሰግነው አንችልም፤ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ባሪያው ድምፁን እንዲሰጥ አልተጠየቀምና። እኛ የምናመሰግነው በሌላ ሥራው ነው።

ከዚያው ከኢሊኖይ አብርሃም ሊንከን የሚባል ረጅም ጠበቃ ተነሥቶ ይህን አሳብ ተቃወመ። በ1858 ዓ.ም. ሁለቱ ሰዎች በሰባት ከተሞች እየተገናኙ በሕዝብ ፊት ተከራከሩ። በመጨረሻም ለምክር ቤቱ የተመረጠው ዳግላስ ሆነ፤ ሊንከንም ተሸንፎ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ።

ሁለት ዓመት ቈይቶ የፕሬዚዳንት ምርጫ ደረሰ። ዴሞክራት የሚባለው የዳግላስ ወገን ስለ ባርነት ተጣልቶ ከሁለት ተከፈለ፤ የሰሜኖቹ ዳግላስን፥ የደቡቦቹም ብሬክንሪጅን አቀረቡ። ከሌሎች ወገኖች ሊንከንና ቤል ቀረቡ። በደቡብም ብዙ ሰዎች ሊንከን ቢመረጥ ከአገሪቱ ኅብረት ተለይተው የራሳቸውን መንግሥት እንደሚያቆሙ ይዝቱ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የቀረበ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ወዳጆቹ ይናገሩለት ነበር እንጂ ራሱ አይዞርም ነበር። ዳግላስ ግን ይህን ልማድ ትቶ በየአገሩ ዞረ። በነሐሴ 1860 ዓ.ም. በደቡብ በምትገኘው በኖርፎክ ከተማ ሲናገር ሁለት ጥያቄ ቀረበለት። ፊተኛው፥ ሊንከን ቢመረጥ የደቡብ ሰዎች ከኅብረቱ ቢለዩ ይገባቸው እንደ ሆነ ነው። ዳግላስም እንደ ሕጉ የተመረጠ ሰው መሾሙ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል መለሰ። ሁለተኛውም፥ ቢለዩ ፕሬዚዳንቱ በኀይል ሊመልሳቸው ይገባው እንደ ሆነ ነው። ዳግላስ ሹም ሕግን ሊያስከብር እንደ ማለ አስታወሰና እርሱም እንደሚረዳው ተናገረ። ልጆች ሆይ፥ ይህን የተናገረው ድምፃቸውን በሚለምናቸው ሰዎች ፊት መሆኑን አስተውሉ። መልሱ በደቡብ ብዙ ድምፅ እንደሚያሳጣው ያውቅ ነበር።

በጥቅምት ወር በአዮዋ ግዛት ሳለ ከፔንሲልቬንያና ከኢንዲያና ወሬ መጣለት፤ በእነዚህ ግዛቶች በተደረገው ምርጫ የሊንከን ወገን አሸንፎ ነበር። ዳግላስም ሊንከን ፕሬዚዳንት መሆኑ እንደማይቀር ለጸሐፊው ነገረው። ይህን ያወቀ ሌላ ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን ወደ ደቡብ ጕዞ ጀመረ፥ ዋና አሳቡም ሰዎቹ ውጤቱን እንዲቀበሉ መለመን ነበር። ባለቤቱም አብራው ነበረች። በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ አንዳንድ ሰዎች እንቍላል ወረወሩባቸው።

ምርጫው በተደረገበት ቀን፥ በኅዳር 6፥ ሞቢል በምትባል የባሕር ከተማ ነበረ። ማታ በአንድ ጋዜጣ ቤት ተቀምጦ ሳለ የሊንከን ማሸነፍ በቴሌግራፍ ተሰማ። የጋዜጣው አዘጋጅ የዳግላስ ወዳጅና ደጋፊ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያው ሌሊት የአላባማ ሰዎች ተሰብስበው ስለ መለየት እንዲመክሩ የሚጠራ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አሳየው። ጐርፉን ሊመሩት የሚችሉት አብረውት ቢሄዱ መሆኑን አስረዳው። ዳግላስም ጉባኤው እንዳይጠራ መከልከል ያልቻለ ሰው ከተጠራ በኋላ ሊመራው እንደማይችል ነግሮ እንዲተወው ለመነው። ወዳጁ አልሰማውም። ዳግላስም እጅግ አዝኖ ወደ ማደሪያው ተመለሰ።

ቍጥሩ ሲታይ ማጕረምረሚያ አላጣም ነበር። ሊንከን ያገኘው ድምፅ ከመቶው 40 ያህል ብቻ ነበር። ዳግላስ በሕዝብ ድምፅ ሁለተኛ ሆኖ 1,380,000 ያህል አገኘ፤ ነገር ግን በአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ከየግዛቱ የሚላኩ መራጮች ናቸውና ከእነርሱ 12 ብቻ ደረሱት። ለሊንከን 180 ሆኑለት። ዳግላስ ግን ሕጉን ከምርጫው በፊት ያውቀው ነበር፥ በዚያም ሕግ ሊወዳደር ወድዶ ገብቶ ነበር፤ ስለዚህ ነገር አላነሣም።

በክረምቱ የደቡብ ግዛቶች አንድ በአንድ ተለዩ። ዳግላስም በምክር ቤት ሊያስታርቅ ደከመ፥ አልሆነለትም። መጋቢት 4 ቀን 1861 ዓ.ም. ሊንከን ሲሾም ዳግላስ ከአጠገቡ ነበረ፤ የሊንከንንም ባርኔጣ ተቀብሎ እንደ ያዘለት ይተረካል።

ሚያዝያ 12 ቀን የደቡብ ሰዎች የሰምተርን ምሽግ በመድፍ መቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ዳግላስ ወደ ሊንከን ቤት ሄዶ ብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ሊንከን 75,000 ወታደር ሊጠራ እንዳሰበ ሲያነብለት ዳግላስ 200,000 እንዲያደርገው መከረው፤ በካርታም ላይ ሊጠበቁ የሚገባቸውን ስፍራዎች አሳየው። ወደ ማደሪያውም በተመለሰ ጊዜ በሌላው ነገር ሁሉ ሊንከንን እንደሚቃወም፥ ኅብረቱን በመጠበቅ ግን እንደሚረዳው ለጋዜጦች አስታወቀ።

ያን ጊዜ በኢሊኖይ ደቡብ ግብጽ የሚባል አውራጃ ነበር፤ ካይሮ የምትባል ከተማም ነበረችበት። በዚያ የሚኖሩት ብዙዎቹ ከባርነት አገር የመጡ የዳግላስ ወዳጆች ነበሩ፥ አንዳንዶቹም ልባቸው ወደ ደቡብ ያዘነብል ነበር። ዳግላስ ወደ ግዛቱ ተመልሶ ሚያዝያ 25 ቀን በስፕሪንግፊልድ ምክር ቤት ተናገረ፥ ከዚያም በቺካጎ፥ የሊንከን ወገን ባለፈው ዓመት ሊንከንን በመረጠበት አዳራሽ፥ ለሕዝቡ ተናገረ። ወዲያውም ታመመና በሰኔ 3 ቀን 1861 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ በቺካጎ ሞተ።

ሊንከንም የፕሬዚዳንቱ ቤትና የመንግሥት ሥራ ቤቶች ጥቍር ጨርቅ እንዲለብሱ አዘዘ። በዚያውም ዓመት ከግብጽ አውራጃ፥ ለዳግላስ ድምፃቸውን ሰጥተው ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ሊንከን ሠራዊት ገቡ።