ቻርልስ ዳርዊን

ቻርልስ ዳርዊን (ከ1809 እስከ 1882 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረ። ስሙ የገነነው በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ቢሆንም፣ ሰው የትዳር ጓደኛውን እንዴት እንደሚመርጥ ለሚያጠኑ የሥነ ልቦና ሊቃውንት መነሻ የሆነው በ1871 ስለ ሰው ዘር ያወጣው መጽሐፍ ነው።

የራሱን ትዳር እንደ ሒሳብ አስልቶታል። በ1838 ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን ልጆችንና የእርጅና ጓደኛን፣ በሌላው የሚባክነውን ጊዜና ለመጽሐፍ መግዣ የሚያንሰውን ገንዘብ ጻፈ። ማግባቱ አመዘነ፤ በዓመቱ የእናቱን ወንድም ልጅ ኤማ ዌጅውድን አገባ። ከ10 ልጆቻቸው 3ቱ በልጅነታቸው ሞቱ። የዘመድ ጋብቻ ልጆቹን ጎድቶ ይሆን የሚለው ሥጋት ለብዙ ዓመታት አልለቀቀውም፤ በ1871ዱ የሕዝብ ቆጠራ ስለዚሁ ጥያቄ እንዲጨመር ቢጥርም ፓርላማው አልተቀበለም።

በምርምሩ ያስቸገረው የወንዱ ጣዎስ ጅራት ነበር። የተፈጥሮ ምርጫ ለመኖር የሚጠቅመውን የሚያቆይ ከሆነ፣ ይህ ለሽሽት የማይመች ሸክም እንዴት ቀረ? ላባውን ማየት እንደሚያሳምመው በ1860 ለወዳጁ ጽፏል። መልሱን ያገኘው በሴቷ ምርጫ ነው፤ ጅራቱ ያማረውን ስለምትመርጥ ጌጡ ለልጆቿ ይተላለፋል። ይህንና ወንዶች ስለ ሴት የሚያደርጉትን ፍልሚያ አንድ ላይ «ጾታዊ ምርጫ» አለው፤ ለሰውም እንደሚሠራ ጻፈ። የሴቷን ምርጫ ግን የሥራ አጋሩ አልፍሬድ ዋላስ እንኳ አልተቀበለውም። ዳርዊን ራሱም ሴቶችን በአእምሮ ከወንዶች አሳንሶ ጽፏል፤ በዚህ ከዘመኑ አልራቀም።

በ1882 ሞቶ በለንደን ዌስትሚንስተር አቢይ ተቀበረ።